ፊደላችንን የሚያነብ ኢ-ሪደር እንዴት ይመረጣል?

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው አሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት የዓሣ ገበያ ነው። ጀልባው ይገባል፣ መረቡ ይፈታል፣ ቆሮሶው በቢላ ይገፈፋል፤ አባ ኮዳዎቹም የተጣለውን ለመልቀም ከሰው እግር ሥር ይቆማሉ። ግርግሩ ሲበርድ የዛፉ ጥላ የተማሪና የእንግዳ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ስልኩን ከፍቶ ረዘም ያለ ነገር ለማንበብ የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ከሐይቁ ላይ የሚያንጸባርቀው ፀሐይ ስክሪኑን ይጋርደዋል፤ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ቢጨምሩት የሚታየው የራስ ፊት ነው፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ማታ ቤት ሲደርሱ ደግሞ መብራት ላይኖር ይችላል።

ኢ-ሪደር የሚባለው ማንበቢያ (ብዙ ሰው በአንዱ ምርት ስም «ኪንድል» እያለ የሚጠራው) ይህን ችግር ይፈታል፤ በትክክል ከተመረጠ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲል «ኪንድል» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። ዕቃው መጥቶ የመጀመሪያው የአማርኛ መጽሐፍ ሲከፈት ግን ገጹ ሙሉ ባዶ ሳጥን ብቻ ሊሆን ይችላል። በየቦታው የምናገኘው የግዢ ምክር ለእንግሊዝኛ አንባቢ የተጻፈ በመሆኑ ስለ ፊደላችን አንዳች አይልም። የእኛ ምርጫ መጀመር ያለበት ግን ከፊደሉ ነው።

በቅድሚያ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ። በስክሪኑ ውስጥ ስፋታቸው የፀጉር ውፍረት የሚያህል እጅግ ብዙ ከረጢቶች ተደርድረዋል። በየከረጢቱ ውስጥ የተለያየ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ነጭና ጥቁር ብናኞች አሉ። ገጽ ሲገለጥ ኤሌክትሪኩ አንዱን ወደ ላይ ይስባል፣ ሌላውን ወደ ታች ይገፋል፤ ፊደሉ በዚህ ይሠራል። አንዴ ከተሠራ በኋላ በቦታው ለመቆየት ኤሌክትሪክ አይፈልግም። የኢ-ሪደር ባትሪ በሰዓት ሳይሆን በሳምንት የሚቆጠረው ለዚህ ነው። ፊደሉ የሚታየውም እንደ ወረቀት ከላዩ በሚያርፍበት ብርሃን በመሆኑ ፀሐዩ በበረታ ቁጥር ይበልጥ ይጠራል። ለጨለማ ደግሞ ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ ወደ ገጹ የሚያበሩ ትንንሽ መብራቶች አሉት፤ ብርሃኑ የሚያርፈው ገጹ ላይ እንጂ እንደ ስልክ ወደ ዓይን አይደለም። ቴክኖሎጂው የተወለደው በአሜሪካው የኤም.አይ.ቲ. ቤተ ሙከራ ሲሆን ኢ-ኢንክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተቋቋመ። ሶኒ በ2004 ጃፓን ውስጥ በዚህ ቴክኖሎጂ የሚሠራውን የመጀመሪያ ማንበቢያ ለገበያ አቀረበ፤ አማዞን በኅዳር 2007 ኪንድልን በ399 ዶላር ይዞ ሲመጣ ነገሩ በስፋት ታወቀ።

ሐዋሳ መጽሐፍ ወደ አንባቢው ሲጓዝ ያየች ከተማ ናት። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ያቋቋሙት ኢትዮጵያ ሪድስ በአህያ የሚጎተተውን ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ያስጀመረው እዚህ ነው። አቶ ዮሐንስን ለዚህ ያነሣሣቸው ሳን ፍራንሲስኮ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ለኢትዮጵያውያን ልጆች በቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ ማጣታቸው ነበር። ሲ.ኤን.ኤን. እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አድርጎ መርጧቸዋል። ጋሪው ላይ የነበረው ጥያቄ ዛሬ ኪስ ውስጥ በሚገባው ዕቃም ላይ አለ። በራሴ ቋንቋ የተጻፈውን ያነብልኛል ወይ?

በከተማዋ ውስጥ ነገሩ እንደ ቋንቋው ይለያያል። ሲዳምኛም ሆነ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ በየትኛውም ኢ-ሪደር ላይ ያለ ምንም ዝግጅት ይከፈታሉ። አማርኛ ግን ፎንት ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታውን ይዟል፤ ይህ ማለት እያንዳንዱ ፊደል በዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚታወቅ የራሱ ቁጥር አለው ማለት ነው። ቁጥሩ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ ማንበቢያው ውስጥ የፊደሉን ቅርጽ የያዘ ፎንት ከሌለ ሳጥን ይመጣል። መፍትሔው ቀላልና ነጻ ነው። «ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ» ወይም «አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል.» የተባሉትን ፎንቶች ያለ ክፍያ ማውረድ ይቻላል። ማንበቢያውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ «ፎንትስ» በሚል ስም (በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት በተጻፈ) ፎልደር ውስጥ መጣል ነው። ኪንድል ላይ ፎልደሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ኮቦ በተባለው ሌላ ማንበቢያ ላይ ራስዎ ይፈጥሩታል። ከዚያ መጽሐፉን ከፍተው ከፎንት ዝርዝሩ ውስጥ አዲሱን ይመርጣሉ። የመጽሐፉ ገጽ ተስተካክሎም በመደርደሪያው ዝርዝር ላይ አርእስቱ ሳጥን ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ የፋይሉን አርእስት በላቲን ፊደል መጻፍ ይሻላል። የኪንድልም ሆነ የኮቦ ሜኑ በአማርኛ የለም።

ፎንቱ ገብቶም ጽሑፉ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ከሆነ ጥፋቱ የፋይሉ ነው። በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን የተጻፉ ብዙ ሰነዶች ውስጣቸው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ አማርኛ የሚመስሉት ያ ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ ሲኖር ብቻ ነው። ማጣሪያው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከፋይሉ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ዩኒኮድ ነው፣ ለኢ-ሪደር ይሆናል። ዝብርቅርቅ ከወጣ መቀየር አለበት። ጭራሽ ኮፒ መሆን እምቢ ካለ ደግሞ ያ ፋይል ጽሑፍ ሳይሆን ፎቶ ነው።

ትልቁ ችግር ይኸው ፎቶው ነው። እጅ በእጅ የሚዞረው የአማርኛ «ሶፍት ኮፒ» አብዛኛው መጽሐፍ ስካን ተደርጎ የተሠራ ፒዲኤፍ ነው። ፊደሉን ማሳደግ፣ ፎንት መቀየር፣ መስመሩን ማስፋት አይቻልም፤ የሚቻለው ሙሉ ገጹን ማጥበብ ወይም ማስፋት ብቻ ነው። እስቲ ልኩን በሴንቲሜትር እንየው። የተለመደ የአማርኛ ልብ ወለድ ገጽ ወርዱ 15፣ ቁመቱ 21 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ባለ 6 ኢንች ማንበቢያ የስክሪኑ ወርድ 9፣ ቁመቱ 12 ሴንቲሜትር ግድም ነው። ስለዚህ ፊደሉ ወረቀቱ ላይ ካለው መጠን ስድሳ በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ጥሩ ዓይን ያለው ወጣት ራሱ ይቸገርበታል። ባለ 7.8 ኢንቹ 12 በ16 ሴንቲሜትር ስለሆነ የገጹን ነጭ ዳርቻ ከቆረጡለት ፊደሉ ወደ ወረቀቱ ልክ ይጠጋል። ባለ 10.3 ኢንቹ ገጹን በሙሉ መጠኑ ያሳያል፤ ነገር ግን ዋጋውም ይከብዳል፣ ኪስም አይገባም፣ ባጃጅ ውስጥ በሁለት ሰው መሐል ተጣብቆ የሚያወጡት ዕቃም አይደለም።

ትንሹን የገዛ ሰው ሁለት መላ አለው። አንደኛው ማንበቢያውን አግድም አዙሮ ገጹን ግማሽ ግማሹን ማንበብ ነው። ሁለተኛው ኬኦ-ሪደር የተባለውን ነጻ ፕሮግራም መጫን ነው፤ የገጹን ነጭ ዳርቻ ራሱ ቆርጦ ጽሑፉን ያሰፋል። ኮቦና ፖኬትቡክ በተባሉት ማንበቢያዎች ላይ ለመጫን አያስቸግርም፤ ኪንድል ላይ ግን የዕቃውን መቆለፊያ መስበር ይጠይቃል፣ ለጀማሪ አልመክረውም። ስካኑን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ መሣሪያዎችም አማርኛ ተምረዋል፤ ነጻው ቴሰራክት አማርኛ ያውቃል። የሚያወጣው ጽሑፍ ግን ስሕተት ስለማያጣው ሦስት አራት መቶ ገጽ አርሞ ማንበብ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ስለ ሶፍት ኮፒው ሌላም መባል ያለበት አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ስለዚህ «ፍቅር እስከ መቃብር» ዛሬም የወራሾች ንብረት ነው። በሕይወት ያሉ ደራስያንማ ገና መጽሐፋቸው ከማተሚያ ቤት በወጣ ሰሞን ስካን ተደርጎ ሲሰራጭ ያያሉ፤ ቀጣዩን መጽሐፍ የሚያሳትሙበት ገንዘብ በዚያው ይቀራል። በሌላ በኩል ጥበቃቸው ያበቃ ሥራዎች አሉን። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ በ1908 ሮም ላይ የታተመውና በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሁላችንም ሆኗል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1938 በስደት እንግሊዝ አገር ስላረፉ የእሳቸውም መጻሕፍት እንዲሁ። እነዚህን በዩኒኮድ ጽፎ፣ ካሊበር በተባለው ነጻ ፕሮግራም ኢፐብ ወደሚባለው የኢ-መጽሐፍ ፋይል ቀይሮ ለማንበቢያ ማብቃት ማንም ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው፤ አንድ የዩኒቨርሲቲ የንባብ ክበብ በአንድ ሴሚስተር ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ ስክሪኑ ጥራት። ከፎንት ቀጥሎ ለአማርኛ አንባቢ የሚያሳስበው ይህ ነው፤ ሻጮች ግን እምብዛም አያነሡትም። እንግሊዝኛ ፊደል ትንሽ ቢደበዝዝም ቃሉ በቅርጹ ይታወቃል። የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በአንዲት ቅጥያ ነው። «ሉ» ላይ መሐል ያለችው ቅጥያ ወደ እግሩ ስትወርድ «ሊ»፣ እሷው ስትቀለበስ «ሌ» ትሆናለች። በኢንች 167 ነጥብ ብቻ ባለው ስክሪን ላይ፣ ፊደሉ ትንሽ ሲሆን፣ የ«ሌ» ቀለበት ተደፍኖ «ሊ»ን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ርካሹ ኪንድል 167 ነጥብ ነው፤ በ2022 የወጣው ተተኪው 300 ነው። ሁለቱ በሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ፣ መልካቸውም ይመሳሰላል። ከ300 በታች የሆነውን አይግዙ። የ2022ቱን የሚለዩበት ቀላል ምልክት የቻርጅ ቀዳዳው ነው፤ እንደ አሁኑ ስልኮች ታይፕ ሲ ነው፣ የ2019ኙ ግን የድሮው ዓይነት ነው። ታይፕ ሲ መሆኑ በራሱም ጥቅም አለው፤ ጓደኛ ቤትም ቢሮም ቻርጀር አያጡም።

ባለ ቀለም ስክሪን ያላቸው መጥተዋል። ቀለም የሚያሳዩት በ150 ነጥብ ነው፤ ገጻቸውም ከጥቁርና ነጩ ጠቆር ይላል። ለልብ ወለድና ለታሪክ መጽሐፍ ገንዘቡ አያስፈልግም።

ውኃና እጅ። አሞራ ገደል ላይ የሚያነብ ሰው ጀልባ ላይ ይወጣል፣ በዳጣ የተነከረ ዓሣ ይበላል፣ የሐምሌ ዝናብ ሳያስበው ይይዘዋል። አይ.ፒ.ኤክስ.8 የሚል ምልክት ያለው ማንበቢያ ሁለት ሜትር ጥልቀት ባለው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ቢቆይ እንዲተርፍ ሆኖ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የወጡት ፔፐርዋይት የተባሉት ኪንድሎችና ኮቦ ክላራ ቢ.ደብልዩ. ይህ አላቸው፤ ርካሹ ኪንድል የለውም። ውኃ የማይገባው መሆኑ ግን ጣት እርጥብ ሲሆን ይሠራል ማለት አይደለም፤ ስክሪኑ ላይ ያረፈ ጠብታ ራሱ ገጽ ይገልጣል፣ ወይም ጣትዎን አልታዘዝ ይላል። የሚበሉም የሚያነቡም ከሆነ የገጽ መግለጫ ቁልፍ ያለው ይሻላል፤ ኮቦ ሊብራና ብዙዎቹ ፖኬትቡኮች አላቸው።

ለመንገድ ክብደት ይታያል። ሐዋሳ ከተማ ውስጥ የባጃጅ ጉዞ አጭርና የሚያንገጫግጭ ነው፤ ኢ-ሪደር የሚያስፈልገው ወረፋ ሲጠበቅ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰርቪስ እስኪሞላ፣ ሪፈራል ሆስፒታል ተራ ሲያዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር በሚሆነው የአዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው በቀላል ባቡር ቆሞ በአንድ እጅ ብረት ይዞ በሌላው ለማንበብ ባለ 6 ኢንቹ የተሻለ ነው። የ2022ቱ ርካሽ ኪንድል 158 ግራም፣ ክላራ ቢ.ደብልዩ. 174 ግራም፣ የ2024 ፔፐርዋይት 211 ግራም ይመዝናሉ። ሦስቱም ከአንድ ወፍራም ልብ ወለድ ይቀላሉ። የብዙዎቹ ስክሪን ከሥሩ ስስ መስታወት ስላለው ጠላቱ ጫና ነው። ሱሪ የኋላ ኪስ ከቶ መቀመጥ፣ ወይም በተጨናነቀ ሚኒባስ ቦርሳ ውስጥ ከመዶሻና ከጠርሙስ ጋር ማጎር ዕድሜውን ያሳጥራል። ጠንካራ ሽፋን ከዕቃው ጋር አብሮ ይገዛ።

የፋይል ዓይነት ላይ ኮቦና ፖኬትቡክ ይቀላሉ፤ ኢፐብ በገመድ ጥለው ወዲያው ይከፍታሉ። ኪንድል በገመድ የገባለትን ኢፐብ አይከፍትም፤ ወይ ከ2022 ጀምሮ በሚቀበለው የአማዞን መላኪያ በኢንተርኔት ማሳለፍ፣ ወይ በካሊበር መቀየር ያስፈልጋል። አማዞን የተገዛ መጽሐፍን ወደ ኮምፒውተር ማውረድን በየካቲት 2025 ዘግቷል፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለኪንድል የሚሟገትለት ነገር በእንግሊዝኛ የመጻሕፍቱ ብዛትና ቃል ሲነኩ የሚመጣው መዝገበ ቃላት ነው፤ ለተማሪ ትልቅ ዋጋ አለው፣ መዝገበ ቃላት ግን ኮቦም ላይ አለ።

ሦስተኛው ዓይነት እንደ ኦኒክስ ቡክስ ያለው፣ በአንድሮይድ የሚሠራው ማንበቢያ ነው። አማርኛ ያለ ተጨማሪ ፎንት ያሳያል፤ ለስልክ የተሠሩ የአገር ውስጥ የመጽሐፍ መተግበሪያዎችን ይጭናል፤ ቴሌግራምንም ይከፍታል። ከአማርኛ ደራስያን በሕጋዊ መንገድ በመተግበሪያ እየገዛ ለሚያነብ ሰው ኪንድልም ኮቦም የማይሰጡትን ይሰጣል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ባትሪውም እንደሌሎቹ አይቆይም፤ ቴሌግራም አብሮ ከገባ ደግሞ የመልእክት ጩኸቱም አብሮ ይገባል።

ዋጋን በተመለከተ፣ በ2024 ሲወጡ ርካሹ ኪንድል 109.99፣ ፔፐርዋይት 159.99፣ ክላራ ቢ.ደብልዩ. 129.99 ዶላር ነበሩ። እዚህ አገር ብዙው የሚመጣው በሰው እጅ ነው። ከሱቅ ወይም ከሰው ያገለገለ ኪንድል ሲገዙ የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ፊትዎ እንዲያጠፋ ያድርጉ፤ በሌላ ሰው ስም የታሰረ ኪንድል ሌላ ጊዜ ጣጣ ያመጣል። ርካሽ ሆኖ የቀረበልዎት ደግሞ ማስታወቂያ የሚያሳየው ዓይነት መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። የማከማቻው መጠን አያስጨንቅዎት፤ 16 ጊጋባይት ለዓመታት ይበቃል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። የሚያነቡት በብዛት እንግሊዝኛና በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ከሆነ ኮቦ ክላራ ቢ.ደብልዩ. ይበቃዎታል፤ ፎንት ይቀበላል፣ ኢፐብ ይከፍታል፣ ውኃ አይፈራም፣ ኪስ ይገባል። እንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ፔፐርዋይትም ጥሩ ነው። መጻሕፍትዎ በአገር ውስጥ መተግበሪያ ውስጥ ካሉ አንድሮይዱን ይምረጡ። ያለዎት ሁሉ ስካን ፒዲኤፍ ከሆነ ግን ትንሽ ኢ-ሪደር አይግዙ፤ በዚያ ገንዘብ የወረቀት መጽሐፍ ቢገዙ ዓይንዎም ደራሲውም ይጠቀማሉ። ከመክፈልዎ በፊት አንድ የአማርኛ ኢፐብና አንድ ፒዲኤፍ ፍላሽ ላይ ይዘው ሄደው ማንበቢያው ላይ ያስከፍቱ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ይተዉት።

አሳታሚዎችና ደራስያን ሆይ፣ መጽሐፉን ለማተሚያ ቤት የላካችሁበት ፋይል ኮምፒውተራችሁ ላይ አለ። በዩኒኮድ ወደ ኢፐብ ቀይራችሁ በተመጣጣኝ ዋጋ ሽጡልን፤ ገዝቶ የሚያነብ ሰው አለ።